አንድ ሺህ ዘጠኝ ክር

የልጅ ልጄ ማርታ ከጥቂት ወራት በፊት ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችና፣ «እማማ፣ የዛሬው የቤት ሥራ ጉድ ነው» አለችኝ። እኔ ደጃፍ ላይ፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ፀሐይ አስመታለሁ። ሽሮ ሜዳ እኛ ግቢ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትገኘው ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ፊት ለፊታችን የተሠራው ፎቅ ይጋርዳታል። ለፎቁ ባለቤት፣ «ይህችን ፀሐይ ሁላችንም እኩል ነበር የምንሞቃት» ብዬ ነግሬዋለሁ። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ምን ተባላችሁ?»

«ከአንድ ሺህ በላይ ካሉት ቁጥሮች ለማንም እኩል የማይካፈለውን፣ የመጀመሪያውን ፈልጉ ተባልን። ከአንድና ከራሱ በስተቀር ማንም የማያካፍለው። ፕራይም ነው የሚባለው። አስተማሪያችን ብቸኛ ቁጥር ይለዋል።»

«ለማንም የማይካፈል ነገር ምን ይጠቅማል?»

«እንዴ እማማ! በዓለም ላይ ስንት ኮምፒውተር ትልቁን ፕራይም ሲፈልግ ነው የሚውለው። እስካሁን የተገኘው ትልቁ አሃዞቹ ብቻ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ግን ማለቂያ የላቸውም፤ ከትልቁ በላይ ሁልጊዜ ሌላ ትልቅ አለ።»

ይህን ስትለኝ እኔ ደከመኝ። እሷ ግን ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጀመረች። በሁለትና በአምስት የሚካፈሉትን ገና ሳትነካቸው አለፈቻቸው። አንድ ሺህ አንድን ሰባት በላው። አንድ ሺህ ሦስትን አሥራ ሰባት በላው። አንድ ሺህ ሰባትን አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ብዙ ስታካፍል ቆየችና «አንድ ሺህ ዘጠኝ!» ብላ ጮኸች። «በሦስት እምቢ፣ በሰባት እምቢ፣ በአሥራ አንድ እምቢ፣ እስከ ሠላሳ አንድ ድረስ ሁሉንም እምቢ አለ። አለቀ!»

«እንዴት አለቀ? ሠላሳ ሁለትስ? ሃምሳስ? መቶስ? ሳትሞክሪያቸው? ለእነሱም ዕድል ስጫቸው እንጂ!»

«አያስፈልግም እማማ። ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሁለት ከአንድ ሺህ ዘጠኝ ይበልጣል። ትልቅ አካፋይ ቢኖረው እንኳ አብሮት የሚባዛው ጓደኛው ትንሽ መሆን አለበት። ትንንሾቹን ደግሞ ሞክሬ ጨርሻለሁ።»

ፀሐይቱ ሄደች። በርጩማዬን ይዤ መግባት ነበረብኝ፤ ግን መነሳት አቃተኝ። ይህንኑ ነገር፣ በዚሁ ቁጥር ላይ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት ከአንዲት ፊደል ከማታውቅ ልጅ አፍ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ለእሷ ማንም «ጎበዝ» አላላትም። እንዳይባልላት ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አባቴ ከጋሞ ደጋ በእግሩና በጭነት መኪና መጥቶ እዚሁ ሽሮ ሜዳ የተቀመጠ ሸማኔ ነበር። ያኔ ሽሮ ሜዳ እንደ ዛሬው ሱቅ በሱቅ ላይ የተደራረበበት፣ ቀሚስ በአሻንጉሊት ላይ የሚሰቀልበት ቦታ አልነበረም። ከእንጦጦ የሚወርደው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ከግራና ቀኙ የጭቃ ቤቶች፣ በየቤቱ ውስጥ ደግሞ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ የሚሸምን ሰው አለ። ጠዋት በሰፈሩ ስታልፍ የምትሰማው የመወርወሪያ ድምፅ ነው፤ ከዚህ ቤት ጣ፣ ከዚያ ቤት ጣ። በስሙኒ አንድ ኩባያ ቆሎ ትታፈስልሃለች፣ ከላይም ምራቂ አላት። ያለው ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፣ የሌለው በረባሶ፣ እኛ ልጆቹ ያው በባዶ እግራችን። ራዲዮ ያለው አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ነበር። ደጃፉ ላይ አውጥቶ ያስቀምጣታል፤ ዘፈን ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ እርምጃውን ያዘገያል። ከሁሉም ግን ዛሬ ድረስ ከአፍንጫዬ የማይጠፋው ባሕር ዛፉ ነው። ዝናብ ከመጣ በኋላ ከተራራው የሚወርደው ሽታ ቤቱን ሁሉ ያጥበዋል። አሁን ያ ሽታ ሲመጣ ማርታ «ጉንፋን የያዘኝ ጊዜ የታጠንኩት ነገር ሸተተኝ» ትላለች።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ሴት ልጆች ነበርን። አንዷ እኔ አስካለ፤ ሁለተኛዋ ጥሩነሽ፣ እናቷ የሞተችባት የአክስቴ ልጅ። በአንድ ዓመት ነው የተወለድነው። በአንድ ቁርበት ተኝተናል፣ በአንድ ሳህን በልተናል። እናቴ ዳቦ ስትቆርስ ለጥሩነሽ ትንሽ ያነሰ ይደርሳት ነበር፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆን ነበር። እውነቱን ልጻፍ ብዬ ከተነሳሁ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

አንድ የክረምት መጨረሻ አባቴ አንዳችን አስኳላ እንድንገባ ወሰነ። ሁለታችንም መግባት አንችልም። አንድ ሸማኔ የሚወረውረውን ማግ ቁጭ ብሎ በቀሰም፣ መወርወሪያው ውስጥ በምትገባው ትንሽ ሸምበቆ፣ ላይ የሚጠቀልልለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ መወርወሪያው ባዶ ነው፤ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ አንዷ ትሄዳለች፣ አንዷ ቤት ሆና ትጠቀልላለች። ማን ትሂድ? እናቴ «ልጅህ እያለች!» አለች። አባቴ ግን እንዲያ አላለም። «አእምሮ ያላት ትሄዳለች። ድሩን አብረው ያዳውሩ፣ ከዚያ ለየብቻ ይቁጠሩ። በትክክል የቆጠረችው ትሄዳለች» አለ። ከአባቴ ፍርዶች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ያበላሸሁበትም ይህንኑ ነው።

ድሩ ተራ ድር አልነበረም። አንዲት ወይዘሮ ስለቷ ሰምሮላት ለቁስቋም ማርያም የምታገባው መጋረጃ ነበር፤ ሰፊ። ድር ማዳወር ማለት እንዲህ ነው። ከአጥሩ ጥግ እስከ ጥግ ችካሎች ይተከላሉ፤ ክሩን ይዘህ ከመጀመሪያው ችካል እስከ መጨረሻው ትሄዳለህ፣ ዞረህ ትመለሳለህ። ሄደህ ስትመለስ ሁለት ክር ተዘረጋ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ መሄድና መመለስ ነው። ጥሩነሽ ሲደክማት እኔ፣ እኔን ሲደክመኝ ጥሩነሽ፣ ጥቅሉ እስኪያልቅ ድረስ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁልጊዜ ሄዶ የሚመለስ ነገር ጎዶሎ ሊሆን አይችልም። የድር ቁጥር ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ለሁለት ይካፈላል። ይህን ከሸማኔ ቤት የወጣ ሁሉ ያውቃል።

ወደ ማለቂያው ግድም፣ ጥሩነሽ ውኃ ልትጠጣ ገብታ እኔ ተራዬን ስመለስ፣ ከልብስ ሰፊው ራዲዮ የምወደው ዘፈን መጣ። ግጥሙን ለመያዝ አንገቴን ሳዞር ክሩን ሳብኩት መሰለኝ፣ ችካሉ ጋ ልደርስ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ብጥስ አለ። መቀጠል ነበረብኝ። ግን አባቴ በድር መካከል ቋጠሮ ሲያገኝ የሚሆነውን አውቃለሁ። ቋጠሮ ጥለት ያበላሻል፤ ቋጠሮ ያለበት ድር ያዳወረችው ደግሞ ቤት ቀሪ ናት። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። የመመለሻውን ክር ከመነሻው በጥርሴ ቆረጥኩት፣ ሰብስቤ ከአጥሩ ድንጋይ ሥር ወሸቅሁት፣ የቀረውን ጫፍ ችካሉ ላይ አስሬ እንደገና መሄድ ጀመርኩ። ጥሩነሽ አፏን እየጠረገች ወጣች። ምንም አላየችም፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

መጀመሪያ ጥሩነሽ ቆጠረች። በየአሥሩ ቀይ ክር እያሰረች፣ ምላሷን አውጥታ። ከዚያ እኔ ቆጠርኩ። አንድ ሺህ ዘጠኝ። ልክ ነበር፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ሄዶ ተመልሷል።

አባቴ ከሽመናው ጉድጓድ ወጥቶ ቆመ። «እሺ ጥሩነሽ፣ ስንት አልሽ?»

«አንድ ሺህ ዘጠኝ።»

አባቴ ፊቱን አጠቆረ። «አስካለስ?»

«አንድ ሺህ አሥር» አልኩ።

ይህቺን ቃል ስናገር ድምፄ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬም አስታውሳለሁ፤ ከተለመደው ይልቅ የጠራ ነበር። የአባቴ ፊት ፈካ። «አንድ ሺህ ለመሐሉ፣ አምስት ለዚህ ጠርዝ፣ አምስት ለዚያ ጠርዝ! ማርያም ራሷ የቆጠረችው ድር ነው!» አለ። ከዚያ ወደ ጥሩነሽ ዞሮ፣ «ልጄ፣ ድር ሄዶ ይመለሳል። ጎዶሎ ድር አይተሽ ታውቂያለሽ? አንዱን ዘለሽዋል» አላት። በቁጣ አይደለም፣ በሐዘን ነበር የተናገራት። ጎዶሎ ድር እንደሌለ እርግጠኛ ስለነበር ራሱ መቁጠር አላስፈለገውም።

ጥሩነሽ አላለቀሰችም። ተመልሳ ሄዳ ቆጠረች፤ ያው አንድ ሺህ ዘጠኝ ሆነባት። በማግስቱ ደግሞ ከተራራው ሥር የባሕር ዛፍ ፍሬ በቀሚሷ ለቅማ መጥታ ግቢው መሐል ደረደረችው፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ ፍሬ። «አጎቴ፣ ና እየኝ» አለች። «ዘልዬ ቢሆን አንድ ቦታ ይታወቀኝ ነበር። ስለዚህ በየረድፉ እየደረደርኩ ሞከርኩት። በሦስት ሦስት ብደረድረው አንድ ይተርፋል። በሰባት ሰባት ብደረድረውም ይተርፋል። በአሥራ ሦስት ይተርፋል። እስከ ሠላሳ አንድ ሞከርኩ፤ አንድም ጊዜ የሞላ አራት ማዕዘን አይወጣውም። ለማንም አልካፈል አለኝ። እንዲህ ያለ ቁጥር ከልቤ ፈጥሬ ልናገር እችላለሁ?»

አባቴ ሳቀ። «የማይካፈል ቁጥር የለም። ከሠላሳ አንድ በላይ ብትሞክሪ ታገኚው ነበር።»

«ከዚያ ወዲያ ያው ነው አጎቴ። አራት ማዕዘኑን ማዞር ብቻ ነው። ቁመቱ ወርድ ይሆናል፣ ወርዱ ቁመት።»

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እናቴ ከጓዳ «አሁን በፍሬ ጨዋታ ነው እንዴ አስኳላ የሚገባው?» ስትል ፊቱ ከበደው። ፍሬውን በእግሩ ገፋ አደረገና ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ጥሩነሽ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመችው። በዚያው ሰዓት እናቴ እጄን ይዛ የዩኒፎርም ልኬ ሊወሰድ ልብስ ሰፊው ጋ ወሰደችኝ። አቡጀዲው ትከሻዬ ላይ ሲለካ ራዲዮኗ ትዘፍን ነበር። ምን እንደዘፈነች አልሰማሁም።

ድሩ ከችካሉ ወጥቶ ወደ ሽመናው ሲገባ ጉዴ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። ክሩ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እየሆነ ነው የሚገባው፤ አንድ ከጎደለ ዳር ላይ ጓደኛ ያጣ ክር ይቀራል። አባቴ ግን አስገብቶ ጨረሰ፣ ምንም አላለም። መጋረጃው ተሸመነ፣ ተሰጠ። እንዴት እንዳልታየ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አላውቅም ነበር። ማርያም ሸፈነችልኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ማርያም ለምን ለሐሰተኛ ትሸፍናለች ብዬ እጨነቅ ነበር።

ስድስት ዓመት ተማርኩ። ከዚያ ተዳርኩ። ጥሩነሽ ስትጠቀልል፣ ስትፈትል፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ ከእንጦጦ እንጨት ስትሸከም ኖራ ቀጨኔ አገባች። እኔ በሰፈሩ የታወቅሁ ፍትሕ ጠያቂ ሆንኩ። ለበዓል ቅርጫ ሲታረድ ወንዶቹ ይጠሩኛል፤ መደቦቹን እየዞርኩ አይቼ «እዚህች ላይ ጉበት ጎድሏል» ካልኩ ዕጣ አይጣልም። ቦኖ ውኃ ላይ ተራ የሚያልፍ እኔ ካለሁ አያልፍም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከጎረምሳ ጋር ተያይዤ አውቃለሁ። ሰዎች «እትዬ አስካለ ለእውነት ነው የተፈጠሩት» ይላሉ። እኔ እዚያ ቆሜ በሰማሁ ቁጥር ያችን ጠርታ የወጣች ድምፄን እሰማታለሁ። አሁን ደከመኝ። የሰው ድርሻ ስመዝን ኖሬ እጄ ዝሏል፤ የራሴን ግን አንድ ቀን አስቀምጬ አላየሁትም።

ማርታ አንድ ሺህ ዘጠኝ ብላ በጮኸች በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ «ቀጨኔ ውሰጂኝ» አልኳት። ያ ዳገት ለእኔ እንጦጦ ማለት ነው። ሦስት ቦታ ተቀመጥኩ። ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ማሰሮ ሲያደርቁ «አይዞዎት እማማ፣ ደርሰዋል» ይሉኛል። አልደረስኩም ነበር።

ጥሩነሽ ቤቷ ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ሁለቱም ዓይኗ ሞራ ሸፍኖታል፤ እንዝርቱን በእጇ ነው የምታየው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አስካለ።»

«ማን ሞተ?»

እውነቷን ነው። ለስንት ዓመት የተገናኘነው ለቅሶ ቤት ነው።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

ተቀመጥኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ማርታ በመካከላችን ተቀመጠች። ምን ብዬ እንደምጀምር መንገዱን ሙሉ አስቤ ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ። «እኔም የቆጠርኩት አንድ ሺህ ዘጠኝ ነበር» አልኩ። «ክሩን የበጠስኩት እኔ ነኝ። ቆርጬ ጣልኩት። አባዬን ዋሸሁት። አንቺ ልክ ነበርሽ።»

እንዝርቷ አልቆመም። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማግስቱ ነዋ! ፍሬዬን ስለቅም ዶሮዎቹ ከድንጋዩ ሥር ክር ሲጎትቱ አየሁ። አንቺ ዩኒፎርም ልትለኪ ሄደሻል፣ አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኛል። አራገፍኩትና ቦታው ላይ መልሼ ዘረጋሁት። ቋጠሮውን ጫፉ ላይ አደረግሁት፣ ተቆርጦ የሚጣለው ላይ። አንድ ሺህ አሥር ሞላ።»

«ውሸቴን እውነት አደረግሽልኝ?»

«ላንቺ ብዬ አይደለም። የማርያም መጋረጃ ጎዶሎ ይሁን?»

እንደ ልማዴ ቁጣዬ መጣ። «ክሩን ይዘሽ ለምን አልተናገርሽም? ማስረጃው እጅሽ ላይ ነበር! ትምህርቱ ያንቺ ነበር!»

«አንቺ ሰውዬውን አታውቂውም እንዴ? 'አንዷ ሐሰተኛ፣ አንዷ ሰላይ፣ ሁለታችሁም ተቀመጡ' ነበር የሚለን። እናትሽም ትረዳው ነበር። ሁለታችንም ከምንቀር አንዷ ትግባ አልኩ።» እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ደግሞ ደብተርሽን ይዘሽ ስትመጪ አጠገቤ ትቀመጫለሽ ብዬ ነበር። እኔ እየጠቀለልኩ አንቺ የተማርሽውን ትነግሪኛለሽ ብዬ። ፊደል እኮ እንደ ዳቦ አይደለም፤ ለእኔ ብትሰጪኝ ካንቺ አይጎድልም። አንቺ ግን በመጣሽ ቁጥር ደብተርሽን ይዘሽ ጓዳ ትገቢ ነበር።»

ይህ እውነት ነው። ፊቷን ላለማየት ነበር የምገባው። ስድስት ዓመት ሙሉ በር ዘግቼ አጠናሁ። በሩ ማዶ ቀሰሙ ሲዞር ይሰማኝ ነበር። ስለ ውሸቴ ስድሳ ዓመት ተጸጽቻለሁ፣ ንስሐም ገብቼበታለሁ። ስለ በሩ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። 

ያዳነችኝ ማርታ ናት። «እማማ ጥሩነሽ፣ በፍሬ ነው የሞከሩት? የእኛ አስተማሪ ቢሰማ ያብዳል!» አለቻት።

ጥሩነሽ ወደ ድምፁ ዞረች፤ ፊቷ ሌላ ሆነ። «አንቺ ነሽ የምትማሪው? እንግዲህ ይህን ለአስተማሪሽ ንገሪው። አንድ ሙሉ አራት ማዕዘን አይወጣውም እንጂ ጎናቸው ሁሉ እኩል የሆነ ሁለት ይወጣዋል። እሷ አስኳላ ስትውል እኔ ግቢው ውስጥ ስደረድር ነው ያገኘሁት። አንዱ ሃያ ስምንት በሃያ ስምንት፣ አንዱ አሥራ አምስት በአሥራ አምስት። አንድም አይተርፍም።»

ማርታ ስልኳን አውጥታ አባዛች። «ሰባት መቶ ሰማንያ አራት... ሁለት መቶ ሃያ አምስት... እማማ! አንድ ሺህ ዘጠኝ!»

«ምን ያስጮህሻል፣ አልኩሽ አይደል? በሌላ መንገድ ደግሞ አይሆንም፤ ብዙ ደክሜበታለሁ» አለችና እንዝርቷን አነሳች።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ዳገቱን እወጣለሁ። መጀመሪያ ፊደል ላስቆጥራት አስቤ ነበር፤ «በየትኛው ዓይኔ?» አለችኝ። ስለዚህ ያገኘሁትን አነብላታለሁ፦ የማርታን የሒሳብ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ ሲገኝ ጋዜጣ። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ከዳገቱ ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንድ ሐሙስ አልጋዬ ላይ ሆኜ «ዛሬስ ልቅር» እላለሁ። አልቀርም። ይህንንም የጻፍኩት በእርሷ ፊደል ስለሆነ፣ ከማንም በፊት ለእርሷ አነበብኩላት።

እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «አንድ ስህተት አለበት» አለች።

«የቱ ጋ?»

«ፍሬዎቹ ጋ። አንድ ሺህ ዘጠኝ ፍሬ አልነበረም። ለቅሜ ስቆጥር አንድ ጎደለኝ፤ ረፍዶብኝ ስለነበር ተመልሼ አልወጣሁም፣ ጠጠር ጨመርኩበት። የአጎቴ እግር ሲገፋው ጠጠሩ ነው ሩቅ የሄደው፤ ፈልጌ አገኘሁት። ለእውነት ተቆርቋሪ ከሆንሽ በትክክል ጻፊው።»

ላይኛውን አልሰረዝኩትም፤ እዚህ ጻፍኩላት። አንድ ሺህ ስምንት ፍሬ፣ አንድ ጠጠር።